ምዕራፍ አምስት፦ ዝም ያለችው ሞተር

ሞተር ሳይክሌ ከአዲስነቷ ጀምሮ ጠዋት ስትነሳ ከላይ፣ ከራሷ በኩል፣ ቀጭን የብረት ድምፅ ነበራት። የልብስ ስፌት መኪና ከጎረቤት ሲሰማ የሚመስል፣ ቲክ ቲክ የሚል። በአንድ ክረምት ውስጥ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ መስከረም ሲጠባ ጨርሶ ጠፋ። ደስ አለኝ። ሞተሯ ተሟሽታ ለሰለሰች ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ጥቅምት ላይ ግን ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትል ጀመር። አሥር ጊዜ ረግጬ፣ በላብ ተጠምቄ ብትነሳም ዳገት ላይ ጉልበት የላትም።

ወረታ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሞተር ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ገፍቼ ወሰድኳት። እሳቸው ቁልፍም ካቻቢቴም አላነሱም። የእግር ማስነሻውን በእጃቸው ቀስ አድርገው ወደ ታች ተጫኑት፤ ምንም ሳይታገላቸው ወረደ።

«ኮምፕሬሽን የላትም» አሉ።

«ጋሼ፣ ድምጿ እኮ ጥርት ያለ ነው። ምንም አትጮህም።»

«እሱ ነው ችግሩ። ቫልቯ መቼ ነው የተለካው?»

«እንጃ።»

«እኔም እንጃ፣ ልጄ። እኔ ዛሬ ገና አየኋት። በየቀኑ የምትቀመጥባት አንተ ካላወቅህ ማን ይወቅላት?»

ተከፍታ ስትታይ የጭስ መውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ተበልቷል። አዲስ ቫልቭ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የቫልቩን መቀመጫ ማስተካከል፣ ሁለት ሳምንት በእግር መሄድ። በጊዜው ቢለካ ኖሮ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነበር፤ የሚገዛ ዕቃም የለውም።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። መካኒክ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሞተሯን የሚያገኛት በታመመችበት ቀን ብቻ ነው። ጤነኛ ሳለች ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበራት፣ ፍሪሲዮኗ የት ላይ ይይዝ እንደነበር፣ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄድ እንደነበር የሚያውቀው ባለቤቷ ነው። የራስን ሞተር በራስ እጅ መንከባከብ ገንዘብ ይቆጥባል፤ እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ እውቀት ይበልጥብኛል። በእጁ ያልነካትን ሞተር ለውጧን የሚያስተውል ሰው አላየሁም።

ቫልቩ ለምን እንደሚለካ እንጀምር። ፎር ስትሮክ የምንላት ሞተር አራት ነገር ታደርጋለች፤ አየርና ቤንዚን ትስባለች፣ ትጨምቃለች፣ ታቃጥላለች፣ ጭሱን ታስወጣለች። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ስትዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። የጭስ መውጫው ቫልቭ ራስ ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል። ይህ ሁሉ ሙቀት በዋነኛነት የሚወጣለት በአንድ መንገድ ነው፤ ቫልቩ ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር ገጥሞ በሚያርፍባት ቅጽበት። እዚያ ላይ ሙቀቱን ለመቀመጫው አስረክቦ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይከፈታል።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ስለዚህ በቫልቩ ጫፍና እሱን በሚጫነው ሮከር መካከል፣ ሞተሯ ቀዝቃዛ ሳለች፣ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ብለን እናስበው። ያ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ የሚመጣው ከዚህች ክፍተት ነው። ቫልቩ በሚሊዮን ጊዜ መቀመጫውን ሲደልቅ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲሰርግ ጫፉ ወደ ሮከሩ ይጠጋል፤ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ድምፁም ይጠፋል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ያጣል፣ በጠርዙ በኩል የሚያመልጠው ነበልባልም እንደ በያጅ እሳት ይበላዋል። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተር ትጮሃለች፣ ጉልበቷም በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ክፍተቱ ሲጠፋ ግን ዝም ብላ ትቃጠላለች።

እንዴት ይለካል? ሞተሯ አድራ ፍጹም ቀዝቃዛ መሆን አለባት፤ ለዚህ ነው የቅዳሜ ጠዋት ሥራ የሆነው። መጀመሪያ ካንዴላውን እንፈታለን፤ ኮምፕሬሽኑ ሲለቀቅ ኢንጂኑን በእጅ ማዞር ይቀላል። ቀጥሎ ከላይ ያሉትን ሁለት የቫልቭ ክዳኖችና በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ትናንሽ ክዳኖች እንከፍታለን። በአንደኛው የግራ ክዳን ውስጥ ፍላይዊሉን የያዘው ዳዶ ይታያል፤ በሌላው፣ በጠባቡ መስኮት፣ የፍላይዊሉ ጠርዝ ሲያልፍ ይታያል። ዳዶውን በቁልፍ ይዘን ሞተሯ በምትዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያደረግን ስናዞር በጠርዙ ላይ የተቀረጸ መስመር ከነምልክቱ ብቅ ይላል። ያ መስመር ከመስኮቱ ምልክት ጋር ሲገጥም ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ጨምቆ፣ አንዴ ጭስ አስወጥቶ። የሚፈለገው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱን ሮከሮች በጣት ጫፍ ይዘን እናነቃንቃቸዋለን። ሁለቱም ላላ ካሉ ቦታው ልክ ነው። ከተወጠሩ አንድ ሙሉ ዙር እንጨምራለን። ከዚያ ፊለር ጌጅ የሚባለውን ስስ የብረት ምላስ ማንዋሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መርጠን በክፍተቱ ውስጥ እናሾልካለን። ትክክለኛው ስሜት በሁለት የመጽሐፍ ገጾች መካከል ወረቀት ሲጎተት እንዳለው ነው፤ ይሄዳል፣ ግን ያዝ ያደርጋል። ካልገባ ጠቧል። ያለ ምንም ስሜት ከገባ ሰፍቷል። ሲስተካከል በሮከሩ ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ ይላላል፣ መሐል ያለው ማስተካከያ ይዞራል፣ ማስተካከያው እንደተያዘ ዳዶው ይጠብቃል። ከዚያ እንደገና ይለካል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ማስተካከያውን ትንሽ ይዞት ይሄዳልና። እኔ በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ለክቻለሁ። አሁን ሁለት ጊዜ ይበቃኛል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የመሣሪያ ሣጥን ትንሽ ነው። የ8፣ የ10፣ የ12፣ የ14 እና የ17 ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋና መስቀለኛ አፍ ያላቸው ካቻቢቴዎች፣ ፊለር ጌጅ፣ ንጹሕ ጨርቅ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ማርሚታ፣ ካላማዳሪ፣ ጎሚስታ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቃላቱ ከመሣሪያው ጋር ገብተው፣ በአባቶቻችን እጅ ታሽተው፣ ዛሬ ከማንም አልተዋስናቸውም በሚያሰኝ መጠን የእኛ ሆነዋል። እነዚህን ቃላት ማወቅ ራሱ አንድ መሣሪያ ነው፤ ዕቃ ሲገዙም ሆነ መካኒክ ሲያስረዳ ተግባብቶ ለመነጋገር።

ስለ መስቀለኛው ካቻቢቴ አንድ ነገር ልጨምር። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው መስቀለኛ ብሎን ከሌላው አገር ብሎን ጋር አንድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጃፓኖች የራሳቸው ልክ አላቸው፣ ብዙ ጊዜም ብሎኑ ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ ይታያል። በተራ ካቻቢቴ ሲፈታ ካቻቢቴው እየሾለከ የብሎኑን አፍ ይበላዋል። በየጋራዡ የምናያቸው አፋቸው ክብ የሆነ ብሎኖች አብዛኞቹ የዚህ ሰለባ ናቸው። ትክክለኛው ካቻቢቴ ካልተገኘ ያለውን በደንብ ተጭኖ ማዞር፣ እንቢ ካለም ከመታገል በፊት በመዶሻ መለስ አድርጎ መምታት ይሻላል። የያማሃ ሞተር ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይያዝ፤ በቀኝ በኩል ያለው መስታወት በተቃራኒ ነው የሚፈታው። በጉልበት የሰበሩትን ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ካቴናው እንውረድ። በፎገራ ሜዳ የሚነዳ ሰው ካቴና ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ዋልካው በክረምት እንደ ሊጥ ይጠቀለልበታል፣ በበጋ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ጭቃ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ፣ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ በወፍራም የማርሽ ዘይት መቀባት አለበት። በቤንዚን ማጠብ አይመከርም፤ ኦሪንግ የሚባል ላስቲክ ያለውን ካቴና ያበላሻል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው። ዘይቱ የሚቀባው ከጉዞ በኋላ፣ ካቴናው ሞቅ ባለ ጊዜ፣ በውስጠኛው በኩል ነው። ካቴናው ሲሽከረከር ዘይቱ ራሱ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ውጥረቱ ላይ ግን ብዙ ጋራዦች ይሳሳታሉ። አንድ ጊዜ ጎማ ላስቀይር የሄድኩበት ጋራዥ ካቴናውን እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ መለሰልኝ። እኔም አጥብቆ ሠራልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ከሦስት ወር በኋላ ከማርሽ ሣጥኑ በኩል የሚያጓራ ድምፅ መጣ፤ ኩሽኔታው አልቆ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሲቀመጥባትና ጉድጓድ ስትገባ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይወጣል፣ በፊተኛውና በኋለኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀትም ይረዝማል። ባዶዋን ቆማ የተወጠረ ካቴና ሰው ሲቀመጥባት የሚሄድበት የለውም፤ ኃይሉን የሚቀበለው ኩሽኔታው ነው። በአስፋልት ለሚሄዱ ትናንሽ ሞተሮች አብዛኛው ማንዋል የሚያዘው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን ላላ ማለት ነው፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩት ረጅሞቹ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የሚለካው ከታች በኩል፣ መሐሉ ላይ፣ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ተገፍቶ ነው። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አያልቅም፤ ስለዚህ ጎማው እየዞረ በጣም የሚወጠርበት ቦታ ተፈልጎ እዚያ ላይ ይለካ።

ካቴናው ራሱ ማለቁን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። በትናንሽ ሞተሮች ላይ የተለመደው 428 የሚባለው ካቴና ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጎተት አድርገን ይዘን ከአንደኛው ፒን እስከ ሃያ አንደኛው ስንለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ ጊዜው አልፏል። ሲቀየርም ከሁለቱ ጥርሶች ጋር አብሮ ይቀየር፤ አሮጌ ጥርስ አዲስ ካቴናን በፍጥነት ይበላዋል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም።

ዘይት ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሁሉም ሰው መቀየር እንዳለበት ያውቃልና። ብዙዎች የማያውቁት ግን በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ውስጥ ያው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም እንደሚያገለግል ነው። በመኪና ይህ የለም። ስለዚህ ለመኪና ተብሎ ነዳጅ እንዲቆጥብ የተሠራ ቀጭን ዘይት ሞተር ሳይክል ውስጥ ሲገባ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ ኢንጂኑ ይጮሃል፣ ሞተሯ አትሄድም። ዘይት ሲገዙ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት መኖሩን ይዩ፤ ለዘይት ውስጥ ፍሪሲዮን የተስማማ ማለት ነው። የሚለወጠውም ሞተሯ ሞቅ ስትል ነው፤ ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር ተንጠልጥሎ ሳለ። ዘይቱ የሚፈስበት የታችኛው ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ በጣት ብቻ እየዞረ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፣ ከዚያ በመጠኑ ይጠብቃል። አሮጌው ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ፤ ቦዩ ወደ ወንዙ፣ ወንዙ ወደ ጣና ነው የሚሄደው።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣት ሲጂ125 የምትባለው ሞተር የተነደፈችው ባለቤቶች ዘይት በጊዜው እንደማይቀይሩ ታስቦ ነው። መሐንዲሶቹ በራሷ ላይ የሚዞረውን የብረት ዘንግ ትተው፣ ዘንጉን ከታች ዘይት በማይጠፋበት ቦታ አድርገው ቫልቮቹን በረጃጅም ብረቶች እንዲገፋ አደረጉት። አሮጌ ስልት ነው፣ ግን ችላ መባልን ይችላል። ቻይና ውስጥ እሷን መሠረት አድርገው የተሠሩት ሞተሮች ዓለምን ሞልተዋል። ይህን ሁሉ ችግር የሚችል ኢንጂን እንኳ ቫልቩ ካልተለካ ይቃጠላል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚነዳ ሰው ሌላ ነገርም ያስተውላል። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ናት። የአየር ግፊቱ ወረታ ላይ ከባሕር ጠረፍ 80 በመቶ ያህል፣ ደብረ ታቦር ላይ 72 በመቶ ያህል ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ ጄት በሚባለው የናስ ቀዳዳ በኩል የሚሰጠው ቤንዚን አየሩ የሳሳውን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ሽቅብ በወጣን ቁጥር ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ማርሚታው ይጠቁራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ከፍታው ነው። ብዙ ሰው ግን ደጋ ላይ «ሞተሯ ታፍናለች» ብሎ የአየር ፊልትሮውን አውልቆ ይጥላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ፊልትሮ የሌላት ሞተር አቧራውን በቀጥታ ትስባለች፣ ሲሊንደሩም በጥቂት ወራት ይሞረዳል። ስፖንጅ ፊልትሮ በነጭ ጋዝ ከዚያም በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ይመለሳል። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይቀየራል።

ካንዴላው ይህን ሁሉ ይነግረናል። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ የወተት ቡና መልክ ከያዘ ሞተሯ ጤነኛ ናት። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል። ዘይት የነካው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ዘይት ከሚቃጠለው ቤንዚን ጋር እየገባ ነው። ነጭ፣ የገረጣ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ሙቀት በዝቷል፤ ይህ ቫልቭ ያቃጥላል። ደጋ ላይ ጄቷን አሳንሶ አስተካክሎ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ይጠንቀቅ፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ካንዴላው ይነጣል። ካንዴላ ሲመለስም በቁልፍ ሳይሆን በጣት ይጀመራል። አዲስ ከሆነ እጅ ካቆመበት ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይበቃዋል።

በቤት መሠራት የሌለበትም አለ። የተሰበረ ሻንሲ ብየዳ፣ የቸርኬ ሽቦ ማቃናት፣ የማርሽ ሣጥን መክፈት ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋሉ። በዘይት ግፊት የሚሠራውን ፍሬን ደግሞ አየሩን ማስወጣት በደንብ ያላየ ሰው አይንካው፤ የፍሬን ስህተት የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። የፍሬን ሸራ ማለቁን ማየት ግን የሁሉም ባለቤት ግዴታ ነው። በብዙ ሞተሮች የፍሬኑ ክንድ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ፍሬኑ ተረግጦ ቀስቷ የተሰመረላትን መስመር ካለፈች ሸራው አልቋል። አንድ ማሳሰቢያ ከልቤ ልናገር፤ ቅዳሜ ጠዋት በግቢው ቡና የሚፈላበት ጊዜ ነው። ሰርባቶዮ ወይም ካርቡራቶር ሲከፈት ከከሰሉ ምድጃ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደ እሳቱ በማይነፍስበት በኩል ይሁን። የቤንዚን ትነት ዓይን ሳያየው መሬት ለመሬት ተንሸራትቶ እሳት ያገኛል።

አዛውንቱ ያስተማሩኝ የመጨረሻ ነገር ደብተር መያዝን ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር የሚመስል፣ ዘይት የነካው፣ የራሳቸውን ሞተር ታሪክ የጻፉበት ደብተር አሳዩኝ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ነገር፣ የቫልቩ ልክ። አንዱ ገጽ ላይ የጭስ መውጫው ክፍተት በሦስት ተከታታይ ልኬት 0.10፣ 0.09፣ 0.07 እያለ ወርዷል። ቫልቩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከሩቅ ይታይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የእኔም ደብተር በሞተሬ መቀመጫ ስር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ።

ደብተሩን ነገ ይጀምሩ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ሞተሯ ሳትነሳ ቫልቮቹን ይለኩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመለካት ጊዜ ካለዎት የጭስ መውጫውን ይለኩ።